ለሁለት አገር የሚመረጥ ስልክ

አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስልክ ሲገዛ፣ ብዙውን ጊዜ ሳይናገረው፣ ለሁለት ሰው ይገዛል። ቀፎው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ካገለገለ በኋላ ባትሪው ተለውጦለት፣ አዲስ ሽፋን ተደርጎለት፣ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ ሐዋሳ ይጓዛል፤ እዚያም ሁለተኛውን፣ አብዛኛውን ጊዜም ረዘም ያለውን ዕድሜውን ይጀምራል። እኔም በዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ስልክ ጥዬ አላውቅም፤ አንዱ ለእናቴ፣ አንዱ ለታናሽ ወንድሜ፣ አንዱ ለእህቴ ልጅ ሄዷል። ስለዚህ የትኛውን ስልክ ልግዛ፣ የትኛውን የስልክ አገልግሎት ኩባንያ ልያዝ የሚለው ጥያቄ ለእኛ ማስታወቂያው ላይ ከሚጻፈው የወር ክፍያ ያለፈ ነው። ለዓመታት ካየሁት ተነሥቼ የደረስኩበት አቋም ስልኩና ኩባንያው ተለያይተው መመረጥ አለባቸው የሚል ነው። ኩባንያውን የምንይዘው ለአንድ አገር ነው፤ ካልተስማማን በሚቀጥለው ወር እንለውጠዋለን። ስልኩ ግን ሁለት አገር ሊያገለግል ይገባዋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን መለየት በቀድሞው ጊዜ ቀላል አልነበረም። በ2000ዎቹ በዋሽንግተን አካባቢ ይሠሩ ከነበሩት የማውቃቸው ሰዎች መካከል ቬራይዘን የተባለውን የስልክ ኩባንያ የመረጡት በቂ ምክንያት ነበራቸው። የሜትሮ ባቡር በሚያልፍባቸው የምድር ውስጥ ጣቢያዎችና ዋሻዎች ለረዥም ዓመታት የሚሠራው የዚያ ኩባንያ ኔትወርክ ብቻ ነበር፤ የሌሎቹ ኩባንያዎች ኔትወርክ ወደ ዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች የገባው በ2009 ነው። በሥራ ሰዓት ከልጇ ትምህርት ቤት ይደወልልኛል ብላ የምትሠጋ እናት፣ ባቡር ውስጥ የሚሠራ ስልክ መምረጧ ተገቢ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ስልኩ ወደ አገር ቤት ሲላክ ነበር። ቬራይዘንና ስፕሪንት የተባለው ሌላ ኩባንያ ይጠቀሙበት በነበረው ሲዲኤምኤ በተባለው ሥርዓት የደንበኛው ማንነት የሚመዘገበው በቀፎው በራሱ ላይ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሞባይል አገልግሎት በአብዛኛው በተመሠረተበት በጂኤስኤም ደግሞ ማንነቱ ያለው በሲም ካርዱ ላይ ነው። በየካቲት 2011 ቬራይዘን የመጀመሪያውን አይፎን፣ ማለትም አይፎን 4ን፣ መሸጥ ሲጀምር ያ ቀፎ የሲም ማስገቢያ እንኳ አልነበረውም። መልኩ ሌላው ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ከሚሸጠው አይፎን 4 ጋር ይመሳሰል ስለነበር፣ ላኪውም ተቀባዩም ልዩነቱን የሚያውቁት ሣጥኑ አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተ በኋላ ነበር። እዚያ ያ ስልክ በዋይፋይ ፎቶ ማያ ከመሆን አላለፈም።

ሲም ካርድ የሚቀበሉት የኤቲ ኤንድ ቲና የቲ-ሞባይል ቀፎዎች ደግሞ ሌላ እንቅፋት ነበረባቸው፤ ተቆልፈው ይሸጡ ነበር። የተቆለፈ ስልክ የሸጠው ኩባንያ ሲም ካልሆነ በቀር ሌላ አይቀበልም። በቦሌና በመርካቶ ያሉ የሞባይል ቤቶች ለብዙ ዓመታት ከዚህ ሥራ ጥሩ እንጀራ በልተዋል፤ ከውጭ የመጣ ስልክ ወደ እነሱ ይወሰድና "ዲኮድ" ይደረግ ነበር። አንዳንዱ ስልክ በደቂቃዎች ይከፈታል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይከፈትም፣ አንዳንዱም ከተከፈተ በኋላ ሶፍትዌሩ ሲታደስ ተመልሶ ይቆለፋል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ነገሩ ሕግ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከጥር 2013 ጀምሮ፣ አዲስ የተገዛን ስልክ ያለ ኩባንያው ፈቃድ መክፈት በቅጂ መብት ሕግ የሚያስጠይቅ ሆነ። ሕዝቡ ብዙ ከተከራከረ በኋላ በነሐሴ 2014 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙበት ሕግ ደንበኛው ስልኩን የመክፈት መብቱን መለሰለት። ያ ሕግ የተጻፈው ለእኛ ተብሎ አይደለም፤ ነገር ግን በየሻንጣው ስልክ ለሚልክ ማኅበረሰብ ከብዙዎቹ የኮንግረስ ውሳኔዎች ይልቅ ቤት ድረስ የገባ ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ቬራይዘን በ2008 በተካሄደው የ700 ሜጋኸርዝ ጨረታ ሰፊ የሞገድ ክልል ሲያሸንፍ፣ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በዚያ ክልል ላይ የሚሠሩ ስልኮች እንዳይቆለፉ የሚያዝ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር። በዚህ የተነሣ በ2012 የወጣው የቬራይዘን አይፎን 5 ሲም የሚቀበልና ለሌላው ዓለም ሲም ክፍት የሆነ ስልክ ሆነ። "የቬራይዘን ስልክ ለአገር ቤት አይሆንም" የሚለው ምክር በእኛ መካከል እንደ ደንብ ሲነገር፣ በእነዚያ ዓመታት ለአገር ቤት በጣም የሚመቸው እሱ ሆኖ ነበር። ኮሚሽኑ በ2019 ለቬራይዘን ለ60 ቀናት የመቆለፍ ፈቃድ ሰጠው። ይህን ሁሉ የማነሣው አንዱ ምክር ትክክለኛ የሚሆንበት ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ለማሳየት ነው፤ የዛሬ አምስት ዓመት ዘመድ የሰጠን ምክር በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም፣ ያረፈበት ቴክኖሎጂ ዛሬ ላይኖር ይችላል።

ለዚህ የ2022ን ያህል ግልጽ ማስረጃ የለም። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ኩባንያዎች አሮጌዎቹን ኔትወርኮች አጠፉ። ኤቲ ኤንድ ቲ በየካቲት 3ጂውን ዘጋ፤ ቲ-ሞባይል ከሁለት ዓመት በፊት ጠቅልሎ የያዘውን የስፕሪንትን ሲዲኤምኤ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ማጥፋት ጀመረ፤ ቬራይዘንም በታኅሣሥ መጨረሻ የራሱን ዘጋ። 3ጂ ሲጠፋ የጠፋው ዘገምተኛ ኢንተርኔት ብቻ አልነበረም። ብዙ ስልኮች ዳታ በ4ጂ ሲጠቀሙ ቆይተው፣ ጥሪ ሲመጣ ወደ አሮጌው ኔትወርክ ወርደው ነበር የሚያወሩት። ጥሪውንም በ4ጂው ላይ የሚያስተላልፈው ቮልቲኢ የተባለው ዘዴ በስልኩ ውስጥ መኖሩ ብቻ አልበቃም፤ ኩባንያው ያንን የስልክ ዓይነት ማወቅና መፍቀድ ነበረበት። ኤቲ ኤንድ ቲ የሚሠሩትን ስልኮች ዝርዝር አውጥቶ ነበር፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ስልክ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ጥሪ አያስተላልፍም።

ይህ ከአገር ቤት ወደዚህ የሚመጡትን ሰዎች ክፉኛ ነካቸው። እናቴ ልትጠይቀን ስትመጣ በአዲስ አበባ በጥሩ ሁኔታ የሚሠራ ቴክኖ ስልኳን ይዛ ነበር፤ እዚህ የገዛንላትን ሲም ብናስገባበትም ኔትወርክ አልያዘም። "ልጄ፣ ስልኬ አገሩን ሲለቅ ዲዳ ሆነብኝ" አለችኝ። ስልኩ ብልሽት የለበትም። የተሠራው የአፍሪካንና የእስያን ሞገዶች እንዲይዝ ነው፤ የኢትዮጵያ 2ጂ በ900ና በ1800 ሜጋኸርዝ፣ 3ጂው በዋናነት በ2100 ሜጋኸርዝ ሲሠራ፣ አሜሪካ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የተገለገለችው በ850ና በ1900 ነው፤ በኋላም 700ና 600 ተጨምረዋል። ቤት ውስጥ በዋይፋይ ቴሌግራሟ ይሠራል፤ ከበር ስትወጣ ግን ያ ስልክ ከካሜራና ከሰዓት ያለፈ አገልግሎት አልሰጣትም። ለጥቂት ወራት የሚመጣ ወላጅ ያለው ሰው አዲስ ሲም ከመግዛቱ በፊት መሳቢያው ውስጥ ያለውን የራሱን አሮጌ ቀፎ ማዘጋጀት ይሻለዋል።

የሞገዱ ጉዳይ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል፤ እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ታዋቂዎቹ አይፎኖችና የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ ስልኮች የብዙ አገሮችን ሞገድ ስለሚይዙ በኢትዮጵያ አያስቸግሩም። በቅድመ ክፍያ ኩባንያዎች ሱቅ፣ መስመር ሲወሰድ በነፃ ወይም በትንሽ ገንዘብ የሚሰጡት ርካሽ ቀፎዎች ግን ብዙዎቹ ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ የኢትዮጵያ 4ጂ የተሠራጨበትን የ1800 ሜጋኸርዝ ሞገድ፣ በቴክኒክ ሰዎች አጠራር "ባንድ 3"ን፣ አይይዙም። በተጨማሪም ለብዙ ወራት በዚያው ኩባንያ ካላገለገሉ አይከፈቱም። "ለአገር ቤት ይሆናል" ተብሎ በርካሽ የተገዛ ስልክ ከሁሉም በላይ ውድ ስልክ ሆኖ ሲቀር አይቻለሁ። ከመግዛት በፊት በአምራቹ ገጽ ላይ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ፈልጎ የሚይዛቸውን ሞገዶች ማንበብ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው ልምጣ፤ ምክንያቱም ስልኩንና ኩባንያውን ዛሬ አንድ ላይ አስሮ የያዘው ቴክኖሎጂው ሳይሆን የክፍያው ውል ነው። ቀድሞ የሁለት ዓመት ኮንትራት የሚባል ነገር ነበር፤ ቲ-ሞባይል በ2013 ኮንትራትን አስቀርቻለሁ ብሎ ሲነሣ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። ነገር ግን ኮንትራቱ በሌላ ልብስ ተመልሷል። ዛሬ "ነፃ" ተብሎ የሚሰጥ 800 ዶላር የሚያወጣ ስልክ በ36 ወር ተካፍሎ በየወሩ 22 ዶላር ገደማ ሂሳብ ላይ ይጻፋል፤ ኩባንያውም ያንኑ ያህል ገንዘብ በየወሩ ይቀንስልናል። በአሥራ ሁለተኛው ወር ወደ ሌላ ኩባንያ ልሂድ ያለ ሰው ቅናሹ ይቆምና ቀሪው 533 ዶላር ገደማ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ከዚህም በላይ እነዚህ ነፃ ስልኮች ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት በጣም ውዱን የወር አገልግሎት ለሚይዝ ሰው ነው። ሂሳቡን በሦስት ዓመት አባዝቶ ያየ ሰው፣ ነፃ የተባለውን ስልክ በአገልግሎት ክፍያ ውስጥ ከፍሎ እንደሚጨርሰው ይረዳል።

በእኛ ቤት ይህ ውል ያስከተለው ችግር ከገንዘቡ ይብስ ነበር። የአጎቴ ልጅ ለገና ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ለአባቱ ይዞለት የሄደው ስልክ ከአንድ ኩባንያ በወር ክፍያ የተወሰደ ነበር። ሻጩ "ይከፈታል" ብሎት ነበር፤ የሚከፈተው ግን ዕዳው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ መሆኑን አልነገረውም። ጋሼ ስልኩን በክብር ተቀብለው ሲማቸውን ቢያስገቡበት አልሠራም። የአጎቴ ልጅ ከቦሌ ሆኖ በሰዓት ልዩነት እየታገለ ከደንበኞች አገልግሎት ጋር ለቀናት ተነጋገረ፤ በመጨረሻም ቀሪውን ዕዳ ከፍሎ አስከፈተው። ክፍያውን ትቶት ቢሆንስ ኖሮ? አሜሪካ ውስጥ ዕዳው ያልተከፈለ ስልክ የቀፎው መለያ ቁጥር በጥቁር መዝገብ ሊገባ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ስልክ ተቀብሎ መሸጥም ሆነ መልሶ ወደዚህ ማምጣት ጣጣ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ሁሉ በስልኩ ላይ *#06# ደውሎ የሚወጣውን ይህን ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር ሳያጣራ ገንዘብ ባይሰጥ እመክራለሁ።

ስልኩን ለብቻው፣ ከአምራቹ ወይም ከታመነ መደብር፣ ሳይቆለፍ የገዛ ሰው ግን ኩባንያውን የሚመርጠው በነፃነት ነው። በአሜሪካ ከኅዳር 2003 ጀምሮ የስልክ ቁጥርን ይዞ ኩባንያ መለወጥ ይቻላል፤ ከስፕሪንት መጠቅለል በኋላም በአገሪቱ ሙሉ ኔትወርክ ያላቸው ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሦስት ናቸው፤ ሌሎቹ ብዙ ስሞች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በእነዚሁ በሦስቱ ማማዎች ላይ አየር ተከራይተው የሚሸጡ ናቸው። የትኛው ይሻላል ለሚለው አገር አቀፍ መልስ የለም። ከመሬት በታች ባለ መኪና ማቆሚያ የሚሠራ ሰው፣ ሌሊት በሆስፒታል ምድር ቤት የሚያድር ሰው፣ በቨርጂኒያ ገጠር ጭነት የሚነዳ ሰው የሚያስፈልጋቸው ኔትወርክ አንድ አይደለም። ዝቅተኛው ሞገድ፣ ማለትም 600ውና 700ው፣ ግድግዳ ዘልቆ ይገባል፤ 5ጂን እጅግ ፈጣን የሚያደርገው ከፍተኛው ሞገድ ግን መስኮት እንኳ ይከብደዋል። ስለዚህ በማስታወቂያ ከሚነገረው ፍጥነት ይልቅ በምንሠራበትና በምንተኛበት ቦታ ለአንድ ወር መሞከር ይበልጣል፤ ያልተቆለፈ ስልክ ላለው ሰው ሙከራው የአንድ ወር ቅድመ ክፍያ ብቻ ያስወጣዋል።

ኩባንያ ስመርጥ ከዋጋው እኩል የማየው ሌላ ነገር የዋይፋይ ጥሪ፣ ማለትም ጥሪና መልእክት በማማ ፈንታ በዋይፋይ በኩል የሚያስተላልፈው አገልግሎት፣ ነው። አገር ቤት ስንሄድ የአሜሪካ ባንኮች በመልእክት የሚልኩት የማረጋገጫ ቁጥር ካልደረሰን ገንዘባችንን ማየት አንችልም። ዋይፋይ ጥሪው የተከፈተ ስልክ አዲስ አበባ ላይ ዋይፋይ ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ሜሪላንድ እንዳለ ሆኖ ይሠራል፤ መልእክቱንም ይቀበላል። አንዳንድ ርካሽ ኩባንያዎች ግን ይህን አገልግሎት አይሰጡም ወይም ለጥቂት የስልክ ዓይነቶች ብቻ ይሰጣሉ። ከመሄዳችን በፊት እዚሁ ሆነን መክፈትና መሞከር ያስፈልጋል።

የስልኩ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያልፍበት አገርም እየተለወጠ ነው። ለረዥም ዘመን በኢትዮጵያ ቴሌ አንድ ብቻ ስለነበር ኩባንያ መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም። በ2021 ሳፋሪኮም የሚገኝበት ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ገዛ፤ በ2022ም በድሬዳዋ ሙከራውን ጀምሮ በጥቅምት አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ ብዙ ሰው 09 የሚጀምረውንና 07 የሚጀምረውን ሲም በአንድ ቀፎ ይይዛል፤ በአንዱ ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም የአንዱ ጥቅል ሲረክስ ወደ ሌላው ይዞራል። ቴሌብር በግንቦት 2021፣ ኤም-ፔሳ በ2023 ስለመጡም ስልኩ የኪስ ቦርሳ ሆኗል። በዚህ ምክንያት ሁለት ሲም መያዝ ለወንድሜ ከካሜራው ጥራት ይልቅ ያስፈልገዋል። አንዳንዴም አሮጌ አይፎን ከመላክ ይልቅ ገንዘቡን ልኮ እዚያው ሁለት ሲም የሚይዝ አዲስ ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ ማስገዛት እንደሚሻል በግልጽ መናገር አለብኝ። ቴክኖን የሚሠራው ኩባንያ ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ ሲገጣጥም ቆይቷል፤ መለዋወጫውና ጠጋኙ በየሰፈሩ አለ። እናቴ ዲዳ ሆነብኝ ያለችው ስልክ አገሯ ስትመለስ ወዲያው አፉን ከፍቷል፤ እኔ ከላክሁላት አይፎን ይልቅ እሱን ትወዳለች፤ ምርጫዋም ትክክል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለውጥ ኢ-ሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ በስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም፣ ነው፤ አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በመስከረም 2022 አፕል በአሜሪካ የሚሸጠውን አይፎን 14 ያለ ሲም ማስገቢያ አወጣ፤ በሌላ አገር የሚሸጠው አይፎን 14 ግን ማስገቢያ ነበረው። በ2011 በቬራይዘን አይፎን 4 ያየነው መለያየት በሌላ መንገድ ተመለሰ ማለት ነው፤ ስልኮቹ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ እጅ ላይ ሲገቡ ግን የተለያዩ ናቸው። በ2025 ጉግል በአሜሪካ የሚሸጠውን ፒክስል 10 እንዲሁ አደረገ፤ አይፎን ኤር ደግሞ በየትኛውም አገር ማስገቢያ የለውም። ኢ-ሲም በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። ለተጓዥ ይመቻል፤ ስልክ የሰረቀ ሰውም ሲሙን አውጥቶ ሊጥለው አይችልም። ነገር ግን እንደ እናቴ ላለ ሰው ሲም ካርድ ማለት በጥፍር ወጥቶ ከአንዱ ቀፎ ወደ ሌላው የሚገባ፣ ስልክ ሲበላሽ ከጎረቤት ቀፎ ጋር ለአንድ ቀን የሚያገለግል ነገር ነው። ኢ-ሲም ከሆነ ለእያንዳንዱ ለውጥ መታወቂያ ይዞ ወደ አገልግሎት ማዕከል መሄድ ወይም የሚረዳ ሰው መፈለግ ሊመጣ ነው። ከትልቅ ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ስልክ ከመላኬ በፊት የማደርገው ነገር ተለውጧል። ድሮ መከፈቱን ብቻ ነበር የማጣራው። አሁን ማስገቢያ እንዳለው፣ ከሌለውም ተቀባዩ ያለበት ከተማ ውስጥ ኢ-ሲም በዚያ ሞዴል ላይ እንደሚጫን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ከራሴ የአፕል ወይም የጉግል መለያ ሙሉ በሙሉ ወጥቼ ስልኩን እንደ አዲስ አጸዳዋለሁ፤ ይህ ካልተደረገ ስልኩ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት የእኔን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ የሞባይል ቤት ባለሙያም ሊያልፈው አይችልም። ቀጥሎም አምራቹ የሶፍትዌር እድሳት እስከ መቼ እንደሚሰጠው እመለከታለሁ። እድሳት ያቆመ ስልክ ከጊዜ በኋላ የባንክ መተግበሪያ መቀበል ያቆማል። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የሰባት ዓመት እድሳት ቃል ገብተዋል፤ ይህ ማለት እኔ ሦስት ዓመት ተጠቅሜበት የምልከው ስልክ በወንድሜ እጅ ገና አራት ዓመት በጤና ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። 5ጂው፣ ለእኔ ግምት፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚታይ ነገር ነው።

የእኔ ስልክ ባትሪው እየደከመ ስለሆነ በቅርቡ መለወጤ አይቀርም። በአሜሪካ የሚሸጠው ጋላክሲ ኤስ25 የሲም ማስገቢያም ኢ-ሲምም አለው፤ ያልተቆለፈውን፣ ገንዘቡን አጠራቅሜ ከአምራቹ ልገዛ አስቤአለሁ፤ አሁን ያለሁበትን ርካሽ የቅድመ ክፍያ ኩባንያም የምለቅበት ምክንያት አላየሁም። ቀጣዩ ተቀባይ ወንድሜ ነው፤ እሱ ግን አይፎን ቢሆንልኝ ይላል፤ ጓደኞቹ ሁሉ አይፎን ይዘዋል፣ እዚያም ሲሸጥ ዋጋው አይወርድም። ይህ ክርክሩ ከባድ ነው፤ ስልኩን ከእኔ ይልቅ ለረዥም ጊዜ የሚይዘው እሱ ስለሆነ፣ ሁለቱን ሲሞቹን በኢ-ሲም ማስጫን ይችል እንደሆነ ሄዶ ጠይቆ እንዲነግረኝ ተስማምተናል። መልሱን ሳላውቅ አልገዛም።